ጢስ የሌለበት ሸለቆ

በእኛ አገር ሰው ቤት ንብረቱን ነቅሎ ኑሮ ወደሚረክስበት ወረዳ ሊሄድ ሲነሣ አዛውንቶች አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበታል። የዘንድሮ ልጆች ይስቁባታል። እኔ ግን አልስቅም፤ አባባሏ ከአንድ ቤት ሐዘን የወጣች ናትና። ታሪኩን የነገረኝ አጎቴ ነው፤ እሱም የሰማው ነገሩ ከደረሰበት አገር ሰዎች ነው።

በመልከኛ ዘመን እምባጮ ሜዳ በሚባል ደጋ እንግዳሸት የሚባል ገበሬ ነበር። ጎበዝ አራሽ ነው፤ በስንፍና የሚያማው አልነበረም። አመሉ ግን ሁሉን ነገር ማስተያየት ነው። ገበያ የሚወጣው ለመግዛት ብቻ አይደለም፤ የዚህን ገበያ ጨው ከዚያኛው፣ የዚህን ገብስ ከዚያኛው ሲያመዛዝን ይውላል። ጎረቤቶቹ "እንግዳሸት ለመሞትም ርካሹን ቀን ይመርጣል" እያሉ ያሾፉበት ነበር። ሚስቱ ወለላ አብራቸው ትስቃለች። ከስንት ዓመት ስለት በኋላ የተገኘች ማንያህልሻል የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እንግዳሸት ከእርሻ ሲመለስ በሬዎቹን ሳይፈታ አስቀድሞ የሚጣራው የእሷን ስም ነበር።

ማመዛዘኑ ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። እህሉ ለመልከኛው፣ ማሩ ለመልከኛው፣ የሳምንቱ እኩሌታ ጉልበት በመልከኛው ሁዳድ ላይ። በዚያ ላይ ምድጃ ያለው ቤት ሁሉ የሚከፍለው የጢስ ግብር አለ። ውርጭ ገብሱን በመታበት ዓመት እንኳ ግብሩን የሚምር አልነበረም። እንዲህ ባለ ዓመት ጥር ላይ እንግዳሸት "ከዚህ የሚሻል ከሌለማ እግዜር ምድርን ለምን አሰፋት?" ብሎ ስንቁን ቋጥሮ ቁልቁል ወረደ።

የደረሰው ቁርቁራ ከሚባል የወንዝ ሸለቆ ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ማገዶው ከደጅ የሚለቀም፣ በአቅራቢያው ገበያ ማሽላ የሚረክስበት አገር ነበር። ይሁን እንጂ በሸለቆው ውስጥ አንድም ቤት የለም። ሰዎቹ ቀን ወርደው ይሠራሉ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም በሬውን እየነዳ ወደ ገመገሙ ይወጣል። መንደሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንግዳሸት አውድማ ላይ ያገኛቸውን አያ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ ተጠግቶ ጠየቃቸው።

"አያ፣ ግብሩ እንዴት ነው?"

"ገመገሙ ላይ እንደ እናንተው ነው። ጭቃ ሹሙ ምድጃ ቆጥሮ ይቀበላል።"

"እታችስ?"

"እታች ማን ጢስ አጭሶ! ጭቃ ሹሙም አይወርድ፣ ግብርም የለ።"

"ታዲያ እናንተ ምን ነካችሁ? እዚሁ ጎጆ ቀልሳችሁ አትገላገሉም?"

አያ ቢሻው መንሻቸውን አስቀምጠው አዩት። "ልጄ፣ በጥር አይተህ አትፍረድ። ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያሸት ከወንዙ ንዳድ ይነሣል። እታች ያደረ አይተርፍም። ጭቃ ሹሙ የማይወርደው ደግ ሆኖ እንዳይመስልህ፤ ፈርቶ ነው።"

እንግዳሸት ከዚህ ሁሉ የያዘው "ግብር የለም" የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን ባዳ እንዳይመጣባቸው የሚያወሩት ማስፈራሪያ ነው ብሎ ተወው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ጨውን ከጨው፣ ገብስን ከገብስ ሲያስተያይ የኖረ ሰው ጥርን ከመስከረም ማስተያየት አቃተው!

ፋሲካ እንዳለፈ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወረደ፤ ሸለቆው ውስጥ ጎጆ ቀለሰ። ክረምቱ በደህና አለፈ። ማሽላው ሰው የሚውጥ ሆነ፤ ማንያህልሻል ቀኑን ሙሉ ጥንቅሽ ስታኝክ ትውላለች። ወለላም ስትፈራ ሰንብታ "እውነትም አውቀሃል" አለችው። በዚያ ቀን እንግዳሸትን የሚያህል ደስተኛ አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ አያ ቢሻው ከጎጆው ደጃፍ መጡ።

"እንግዳሸት፣ ቤተሰብህን ይዘህ ውጣ። እስከ ኅዳር ሚካኤል እኔ ጎን ጎጆ ትቀልሳለህ።"

"ለሁለት ወር ጢስ የዓመት ግብር ልገብር፣ አያ? ከዚያ የሸሸሁት ለዚህ ነው?"

"ልጅቱን እንኳ ስጠኝ። ከልጅ ልጆቼ ጋር ትደር።"

ወለላ አላስቻላትም። "አንተ፣ እባክህ ይውሰዷት! በየቀኑ እየወጣሁ አያታለሁ።"

"ምን ጎድሎባት ነው ልጄ በሰው ምድጃ የምትሞቀው?" አለና ተቆጣ። ሽማግሌው ልጅቱን በዐይናቸው ተሰናብተው ሄዱ።

በመስቀል ማግሥት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንያህልሻል "በረደኝ" አለች። እናቷ ጋቢ ደረበችላት፤ የአባቷም ቡሉኮ ተጨመረ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቆም አለ። ኋላ ሰውነቷ እሳት ሆነ። በበነጋው ላብ አጥምቋት ተነሣችና ጥንቅሽ ጠየቀች። እንግዳሸት "አላልኩም? ብርድ ነው!" እያለ የወፈረውን መርጦ ቆረጠላት። በዚያ ዘመን ነገሩ ከትንኝ እንደሚመጣ የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ ንዳድ አንድ ቀን አርፎ እንደሚመለስ ግን የገመገሙ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰባት። ያን ጊዜ እንግዳሸት ግብሩንም ማሽላውንም ረስቶ ልጁን አዝሎ ወደ ገመገሙ ሮጠ። ወለላ ውሃ በቅል ይዛ ከኋላው ትከተላለች። አፋፉ ላይ ሲደርስ ልጁን አውርዶ "ውሃ! ውሃውን ቶሎ!" አለ። ውሃው ከከንፈሯ ተመልሶ በአገጯ ፈሰሰ። ወለላ ቅሉን ጥላ ጮኸች፤ የመንደሩ ሰው የወጣው በእሷ ጩኸት ነው።

እኔ እዚህ ላይ ስደርስ እንግዳሸትን መራገም ያምረኛል። መልሼ ደግሞ ሰውን ከሞቀ ቤቱ ያስነቀለውን ያን ሁሉ ግብር አስብና እርግማኑን ወደ ማን እንደማዞረው ይጠፋኛል።

የገመገሙ ሰዎች ልጅቱን እንደ ራሳቸው ልጅ አልቅሰው ከቤተ ክርስቲያናቸው ቀበሯት። ጭቃ ሹሙም ቀብር መጥቶ ነበር። እንግዳሸት ባየው ጊዜ ከአፈሩ ላይ ተነሥቶ ፊቱ ቆመ። "ጌታዬ፣ እዚህ ጎጆ እቀልሳለሁ። ጢሴን ቁጠሩልኝ፤ የፈለጋችሁትን እገብራለሁ" አለው። ጭቃ ሹሙ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ወለላ ግን ባሏን ቀና ብላ አላየችውም፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ስሙን ጠርታ አታውቅም ይባላል።

በሣልስቱ የእንግዳሸት የአጎት ልጅ ሽበሺ ከእምባጮ ሜዳ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አልቅሶ፣ ደረቱን መትቶ፣ እንባውን ከጠረገ በኋላ አያ ቢሻውን እጃቸውን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳቸው። "አያ፣ በሐዘን መካከል መጠየቄ ነውር ነው፤ እኔም ልጆች አሉኝ፣ መልከኛውም እኛን ሊያኖረን አልቻለም። እውነት እዚያ እታች ግብር አይጠየቅም?"

ሽማግሌው ሽበሺን አዩት፤ ከዚያ በትራቸውን ገና አፈሩ ወዳልደረቀው ትንሽ መቃብር ዘርግተው፣ "እሱን ወንድምህን ጠይቀው፤ ግብር ያልጠየቀ አገር ልጅ ይጠይቃል" አሉት።