ባለ አንድ ጆሮው እንስራ

ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ የወይን ተክል በእርከን በእርከን ሆኖ እስከ ውሃው አፋፍ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ፣ ደንገል በር የምትባል መንደር አለች። በየሐሙሱ ከመንደሯ ግርጌ ካለች አሮጌ ዋንዛ ሥር ገበያ ይቆማል። ነጋዴ አይገባበትም፤ የሚሸጥበት ያመረተ ብቻ ነው። ማር አለ፣ ዝንጅብል አለ፣ በኮባ የተጠቀለለ አይብ አለ፤ ገበያው የታወቀው ግን በወይን ጠጁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወረደ እንግዳ ሁለት ነገር ይገርመዋል። ወይኑ የሚመጣባቸው እንስራዎች ሁሉ ባለ አንድ ጆሮ ናቸው፤ ሁለተኛውን ጆሮ ሸክላ ሠሪዎቹ ጨርሶ አያበጁለትም፤ ስለዚህ ተሸካሚው ብቻውን ገመድ አሳልፎ ሊያዝለው አይችልም፣ በሌላው በኩል የሚደግፍ ጎረቤት ያስፈልገዋል። ደግሞም የገዛ ወይኑን የሚቀዳ ሰው የለም። የዚህችን ያቺ፣ የዚያችን ይህቺ ትቀዳለች፤ የምታመሰግነውም የጎረቤቷን እንጂ የራሷን አይደለም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብሎ የሚያሾፍ እንግዳ መቼም አይጠፋም። የደንገል በር ሰዎች ግን አይከፋቸውም፤ ቅሉን ሞልተው ይሰጡትና መጀመሪያ እንዲቀምስ ይጋብዙታል።

ነገሩ ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሽማግሌዎቹ የሚያነሱት የአያቶቻቸው አያቶች ያውቋት ነበር የምትባለውን ደብሪቱን ነው። ደብሪቱ ነገር ማወቅ የምትወድ ሴት ነበረች ይባላል። ልጅ ሳለች የተዘራውን ዘር በቀለ አልበቀለ እያለች አፈሩን እየጫረች ታይ ስለነበር፣ እናቷ «ደብሪቱ ባለችበት ጎመን እንኳ አይጸድቅም» ትል እንደነበር እስከ ዛሬ ይነገራል። ካደገች በኋላ ዳምጤ የሚባል ዝምተኛ ሰው አገባች። ወይኑን የተከለ ዳምጤ፣ የሚጠምቅ ዳምጤ፣ ቀምሶ ደረሰ የሚልም ዳምጤ ነበር። እሱ በሞተ ዓመት ግን ዘለላው እንደ ልማዱ በሰለና ደብሪቱ ብቻዋን ቆርጣ፣ ብቻዋን ገንዳ ውስጥ ገብታ ረገጠችው። ስትረግጥም ታለቅስ ነበር።

ይህን በአጥር ማዶ ጎረቤቷ ጠጋው አየ። ጠጋው ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ፤ ብቻ በልቡና በአፉ መካከል መዝጊያ አልተሠራለትም። ከአባቱ የሰማውን ይሁን ራሱ የፈጠረውን አይታወቅም፣ እንባ የገባበት ወይን ይኮመጥጣል ብሎ ላገኘው ሁሉ ነገረ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለም፤ የሰማው ሁሉ መላውን ትቶ ወሬውን ጨመረበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ከሁሉም በኋላ የሰማችው ደብሪቱ ነበረች። እስከዚያው ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንስራዋን አዝላ ትወርዳለች፣ ሰው አንድ ጉንጭ ይቀምስላትና ፊቱን አጨማዶ ያልፋል፣ እሷም ሙሉውን እንስራ መልሳ ወደ ላይ ትወጣለች።

በዚያን ጊዜ ከምንጩ የሚወርደው ውሃ በተራ ነበር፤ በክረምቱና በበልጉ መካከል ባለው ደረቅ ወቅት ተራ የሌለው ወይን ይደርቃል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩና፣ የማይጠጣ ወይን ውሃ ይዞ ከሚቀመጥ በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ቅል እንኳ ካልተሸጠላት የውሃ ተራዋ ለጠጋው እንዲሰጥ ፈረዱ። ፍርዱን የነገሯት መምሬ ይትባረክ ነበሩ፤ ሲነግሯትም ዓይኗን ማየት አልቻሉም ይባላል። ዳምጤ በእጁ የተከለው ወይን ሊደርቅ ነው ማለት ነው።

ደብሪቱ ቤቷ ገብታ ቀመሰችው፤ ጥሩ መሰላት። ቁጭ ብላ የሰው ፊት እንዴት እንደተጨማደደ አስባ ደግማ ስትቀምሰው ኮመጠጠባት። ለሦስተኛ ጊዜ ቀምሳ ጨርሶ ግራ ገባት። እስከዚያ ቀን ደረሰ የሚለው የዳምጤ ምላስ ስለነበር የራሷን አታምነውም። ሽማግሌዎቹ ሲተርኩት ታዲያ፣ እዚህ ላይ ሌላዋ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር ይላሉ፤ ደብሪቱን ግን ከሐዘኗ ይልቅ የያዛት ያ ዘር የሚያስጭራት ጠባይዋ ነው። ወይኑ ነው ወይስ ወሬው? ውሃውን ብታጣ እንኳ ይህን ሳታውቅ መሞት አልፈለገችም።

ሐሙስ ደረሰ። እንደ ወጉ ሁሉም እንስራውን ከዋንዛው ሥር አስደግፎ፣ መምሬ ገበያውን እስኪባርኩ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቆመ። የደብሪቱና የጠጋው እንስራዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ከአንድ ሸክላ ሠሪ እጅ የወጡ ስለሆኑ የሚለዩት በክዳናቸው ብቻ ነበር፤ የእሷ በወይን ቅጠል፣ የእሱ በኮባ። የእሷ አንድ ጆሮው የተሰበረ ቢሆንም ስብራቱን ወደ ግንዱ አዙራዋለች። ሰው ሁሉ ለቡራኬው አንገቱን ሲደፋ እሷ ጎንበስ አለችና ኮባውን ከእሱ አንስታ በራሷ ላይ፣ የወይን ቅጠሉን በእሱ ላይ ከደነች። ከዚያም የወይን ቅጠል ከተከደነው አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

ጠጋው ኮባውን አይቶ ከዚያኛው አጠገብ ተቀመጠ፤ ገና ቅሉን ሳይነክርም ማሞገስ ጀመረ። ጠረኑን አሽትቱ አለ፤ ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚሄድ እዩት አለ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ አልወጣልኝም ብሎ ማለ። የቀመሰ ሁሉ እያጣጣመ ድገመኝ ይል ነበር። ደብሪቱ ከጎኑ ሆና ትሰማለች። በእሷ በኩል የመጡት ደግሞ ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም ከንፈራቸውን ሳያርሱት ፊታቸው ይጨማደድ ጀመር፣ አንዷ እንዲያውም ከዋንዛው ጀርባ ሄዳ ተፋችው። ቀትር ሲሆን መምሬ ይትባረክ ውሃዋን የሚወስደው ወይኗን ሳይቀምስ ወሰደ እንዳይባል ጎረቤቷ በሰው ፊት ይቅመስላት አሉ። ጠጋው ተነሥቶ ከአጠገቧ ካለው እንስራ አንድ ጉንጭ ወሰደና ወዲያው መሬት ላይ ተፋው።

«ይቅር በይኝ ደብሪቱ» አለ፣ ከልቡ እያዘነላት። «እንባሽ አልለቀቀውም።»

ደብሪቱ ቅሉን ከእጁ ተቀብላ የቀረውን ራሷ ጠጣችው። ለስላሳ፣ የበሰለ፣ ጥሩ ወይን ነበር። ያን ጊዜ ምላሷን አመነችው፤ ማልቀስ ሲገባት ሳቋ መጣ።

«አያ ጠጋው፣ እስቲ እጅህን ከእንስራህ ኋላ ስደድና ጆሮውን ያዘው» አለችው።

ጠጋው ነገሩ ባይገባውም ሄዶ እጁን ሰደደ፤ ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ፤ ጆሮ የለም። የተሰበረውን ቦታ ጣቱ ሲያገኘው ፊቱ አመድ መሰለ ይባላል። ያን ጆሮ የሰበረው ራሱ ነበርና። በደብሪቱ ሠርግ ቀን ሞቅ ብሎት ሲጨፍር በክርኑ መትቶ ሰብሮት፣ እተካዋለሁ ብሎ ሳይተካው ቀርቶ መንደሩ ሁሉ ሲቀልድበት የኖረው ነው። ከዚያ ወዲህ እንስራውን ስታዝል በጎደለው በኩል የሚደግፍላት ዳምጤ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ግን በነጠላዋ አስራ እንደምንም ታዝለው ነበር።

ድገመኝ ሲሉ የነበሩት ቅላቸውን አዩ፤ የተፋችውም ሴት ወደ መሬት አየች። አታለለችን የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ ተነሥቶ ነበር ይላሉ፤ መምሬ ግን በእጃቸው ጸጥ አሰኝተው ከሁለቱም እንስራ በየተራ ጠጡና፣ ሁለቱም ጥሩ ወይን ነው፣ የኮመጠጠው የእኛ ጆሮ ነው ብለው የውሃ ተራዋን መለሱላት። ከሁሉ የከበደው ለጠጋው ነበር፤ የገዛ ወይኑን በሰው ፊት ተፍቷል። ወደ ደብሪቱ ቀረበና እንዲህ አላት፦

«እኔ ያንቺን አመስግኜ ጨርሻለሁ፤ አሁን ምላሴን ወዴት ልመልሰው? በይ የእኔን አንቺ ቅጂልኝ።»

ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ እሷ የእሱን፣ እሱ የእሷን ይቀዳ ጀመር። እሱም እቤቱ እንደገባ የገዛ እንስራውን አንድ ጆሮ በድንጋይ ሰብሮ ጣለው፤ ወሬ ለመስማት አንዱም በዝቷል አለ ይላሉ። ሲወርዱም ሲወጡም አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ይህን ያዩ ጎረቤቶች ተከተሉ፣ ሸክላ ሠሪዎቹም ነገሩ ሲበዛባቸው ሁለተኛውን ጆሮ ማበጀት ተዉ።

ደብሪቱ አርጅታ የሞተች ሳምንት ጠጋው የመጨረሻውን እንስራዋን በሌላ ሰው አስደግፎ አዝሎ ወረደ ይባላል። ከእንስራው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሊያመሰግነው አፉን ከፈተና ቃል አልወጣውም። ይቀዳ ጀመር፤ እንባው በጉንጩ ወርዶ ቅሉ ውስጥ ጠብ ሲል ሰው ሁሉ አየ። ሰውም ተራውን እየጠበቀ ጠጣ። ኮመጠጠ ያለ ግን አልነበረም።

ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ዋንዛው ሥር የሄደ ሰው፣ ከቀጂዋ ፊት ቆሞ «የአንቺ ወይን የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በአገጯ ወደ ጎረቤቷ ታመለክተዋለች፤ ጎረቤቷም ቅሉን ሞልታ ትጠብቀዋለች።