የገዢው አንበሳነት

በዘንፈላ አገር ሰው ሁሉ በየዓመቱ በልደቱ ቀን ወደ እንስሳ ተለውጦ ይውላል። እንስሳውን ግን ራሱ አይመርጥም፤ እንደ ጠባዩ ይመጣለታል። በእንስሳነቱ የተጎዳም ሰው ሲሆን ከነጉዳቱ ይመለሳል።

ገዢው ወንድይራድ በልደቱ ቀን ብቻውን ጫካ ይገባና፣ “አንበሳ ሆኜ ዋልኩ” ይላል። ያየው ስለሌለ ሁሉም አምኖ ይፈራዋል።

ዘንድሮ ግን እያነከሰ ተመለሰ። ንዴቱ አላስቀምጠው ስላለ በማግስቱ አንዲት አፈኛ ሴት አደባባይ አስጠራ።

“ትናንት በደጅሽ ሳልፍ በመጥረጊያ መተሽኛል። ገዢን የመታ ይሰቀላል። አልመታሁም ካልሽም ገዢው ዋሸ ማለትሽ ነው፤ እሱም ያሰቅላል። ምን ትያለሽ?”

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

“ጌታዬ፣ አንበሳ መትቼ ከሆነ ገመዱን ራሴ አመጣለሁ። ትናንት የመታሁት ግን ያሰጣሁትን ማሽላ ስትለቅም ያገኘኋትን አንዲት ዶሮ ብቻ ነው። እርስዎ ነበሩ?”

የገዢው ፊት ቀላ።

“እኔማ አንበሳ ነኝ! የመታኝ ሌላ ሰው ይሆናል። ሂጂ ከዚህ!”

ሴትየዋ እጅ ነሥታ ጥቂት ከራመደች በኋላ ተመለሰች። ከነጠላዋ ጫፍ አንድ እንቁላል ፈታ ገዢው ፊት አስቀመጠች።

“እንግዲያው ጌታዬ፣ ዶሮዋ ስትሮጥ ይህን ጥላ ሄዳለች። ወላጁ በአዋጅ ይፈለግልኝ፤ እኔ የሰው ልጅ ታቅፌ መቀመጥ አልችልም።”