የፈነዳው የሐማ ጆሮ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁም፣ ታከለ፤ ቄስ የጠየቀ ሰው ትንሽ ይታገሥ። ይህ ሰው አናጢ ነበረ፤ በሠራው በር ላይ ቢላ የሚያሾልክ ክፍተት አይገኝም። ምላሱ ግን እንደ እጁ አልተገራም። በታላቅ ወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ መጠጥ ሞቅ አድርጎት ወንድሙን በእንግዳ ፊት አዋረደው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ሰፈር እየኖሩ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም።

የፑሪም በዓል ደረሰ። ንግሥት አስቴር ወገኖቿን አይሁድን ሊያስፈጅ ከተነሣው ከሐማ ያዳነችበት በዓል ነውና ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቀልዳል። በዕለቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚበላ ነገር በሳህን ሸፍኖ ለወዳጅ ማድረስ ግድ ነው። ከሁሉም የሚወደደው ሦስት ማዕዘን ሆኖ የሚታጠፍ፣ ሆዱ ቴምር የተሞላ ብስኩት ነው። በሐማ ለማላገጥ «የሐማ ጆሮ» ይሉታል። ጠላትን እንዲህ ቆርጥሞ መገላገል ነው እንጂ!

አናጢው፣ ወንድሙ በበዓሉ ማግስት ልጁ ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ጓዙን ጠቅልሎ እንደሚሄድ ሰማ። ዛሬ ካልታረቅን መቼም አንታረቅም አለ። ሚስቱን ከምድጃው ፈቀቅ በይልኝ ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት፤ እናቱ ስትሠራ እያየ ነው ያደገው።

ሊጡን ዳመጠ፣ በብርጭቆ አፍ እያከበበ ቆረጠ፣ ቴምሩን ከመረበት፣ ጠርዙን ቆንጥጦ ዘጋ። ከምድጃው ሲወጣ ሁሉም ፈንድቶ ቴምሩ ተዝረክርኳል። ሚስቱ ቴምሩን ቀንስ አለችው። «ለወንድሜ በሚሄድ ነገር ላይ ልሰስት?» ብሎ እንደገና ከመረ። እንደገና ፈነዳ። በዚህ ዓይነት ጠዋቱ አለፈ፣ ቀኑ ተጋመሰ፣ ዱቄቱም አለቀ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው አዘነበለች። እሱ አፍንጫው ላይ ዱቄት እንደተለጠፈ ተቀምጦ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ይህን ይዤ ብሄድ ይስቅብኛል አላት።

«ይሳቅብህ እንጂ» አለችው። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያኮርፍህ ኖሮ፣ አንድ ቀን ቢስቅብህ ምን ትሆናለህ?»

ደህና የሚመስሉትን መራርጦ ሳህኑን ሸፈነና ወጣ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ሄደ። ወንድሙ በሩን ሲከፍት ያጠናው ሁሉ ጠፋበት፤ ሳህኑን ብቻ ዘረጋለት። ወንድሙ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ። ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ። አናጢው ደጃፉ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ።

ወንድሙ ሌላ የተሸፈነ ሳህን ይዞ ወጣና ገለጠው። የሐማ ጆሮ ነው። እሱም ሁሉም ፈንድቷል፤ ቴምሩ ወዲያና ወዲህ ፈስሷል።

«ከጠዋት ጀምሮ ላንተ ልልክ እየፈለግሁ አፍሬ ተቀምጫለሁ» አለው። «ለመሆኑ እማዬ የጋገረችው ሳይፈነዳ የቀረበት ዓመት ትዝ ይልሃል?»

አናጢው ያኔ ትዝ አለው። እናታቸው ቴምር መመጠን አታውቅም ነበር። ጎረቤቶች ሲቀልዱባት «የእኔ ሐማ ብዙ ወሬ ሰምቶ ነው ጆሮው የፈነዳው» ትላቸው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን አስታውሰው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ተቃቀፉም። አናጢው «ይቅር በለኝ» ያለው አፉ በቴምር እንደተሞላ ነው፤ ወንድሙ ግን አጥርቶ ሰማው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱም ሳህኖች ባዶ ነበሩ።

እንግዲህ ታከለ፣ «ታላቅ እህቴን ይቅርታ ለመጠየቅ ኑሮዬ እስኪቃና፣ ቃሌም እስኪያምር ልጠብቅ ወይ?» ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ። አናጢው አንተ ነህ፤ ቃልህም ያ የፈነዳ ብስኩት ነው። እያፈረስህ ደግመህ ስትጋግረው ዱቄትህ ያልቃል። የሚዝረከረክብህም ስለምትወዳት ነው፤ ይህን እሷ ሳታውቀው ትቀራለች? ማን ያውቃል፣ እሷም ሳህኗን ሸፍና ከበሩ ጀርባ ተቀምጣ ይሆናል። ገና አልመሸም፤ በል ተነሣ።