የአስተዳዳሪው ርችት

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የመጀመሪያውን ችቦ እንዲለኩሱ የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ አንዳርጌ ተጋበዙ። ትልቅ ሰው ሳይለኩስ ማን ይቀድማል? ሕዝቡ ችቦውን ታቅፎ ቆመ። እሳቸው ግን «አስቀድሜ አንዲት ቃል» ብለው ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ሕፃናቱም በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ አንቀላፉ።

በዚህ መሀል ዳር ላይ ርችት ከምትሸጥ ሴት ዘንድ አንዱ ርችት ጧ! አለ። ሕዝቡ ንግግሩ ያለቀ መስሎት በእልልታ አቀለጠው።

አስተዳዳሪው በንዴት ጦፈው ሴትዮዋ ፊት ቆሙ። «አንቺ! ከእነዚህ ርችቶች እኔን የሚመስለውን አንሺ። ካዋረድሽኝ ዕቃሽ ይወረሳል። መልስ ካጣሽም ይወረሳል።»

ሴትዮዋ በእጅ ተይዞ የሚንጣጣውን አነሳች። «ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ ለእርስዎ አይመጥንም» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። መሬት ላይ የሚሽከረከረውን አየች። «ይሄም እዚያው በዚያው መዞር ነው፤ ለእርስዎ ነውር ነው።» ሽቅብ የሚተኮሰውን ገና ስትነካው ደነገጠች። «ይሄስ ከወጣ በኋላ ይወድቃል፤ ክፉ አይንካዎት!»

ከዚያ እጅ ነሳች። «ክቡር አስተዳዳሪ፣ የእርስዎ ዓይነት ለሕዝብ አይሸጥም።»

አቶ አንዳርጌ ደረታቸውን ነፉ። «ሕዝቡ አቅሙ ስለማይችለው ነዋ?»

«ኧረ አይደለም ጌታዬ። ለሕዝብ የሚሸጠው አንዴ ጮኾ ዝም የሚለው ብቻ ስለሆነ ነው።»