ወረቀቱን ባዶ የማይተው ሰው

«መልስ አጥቶ የማያውቅ አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

የተጠየቁት ሌላ ነበር። የጠየቀቻቸው ማስተማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች የሳይንስ መምህርት ናት። ጡረታ የወጡትን የቀድሞ አስተማሪዋን ልታይ መጥታ፣ ሻይዋን እንኳ ሳትነካ፣ «ጋሼ፣ ተማሪዎቼ የማላውቀውን ሲጠይቁኝ ምን ልበል? አላውቅም ካልኩ ይንቁኛል» አለቻቸው። ከትናንት በስቲያ አንድ ተማሪ ጠይቋት፣ እንዳታፍር ብላ ያልሆነ ነገር መልሳለት ነበር፤ እስካሁን ይቆጠቁጣታል፤ ይህንንም አልደበቀቻቸውም። ጋሽ ወንድይራድ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በፋብሪካው ክበብ ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ቢራ እየተጠጣ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ይደረጋል። አስተዳደሩ ውድድሩን የጀመረው ሠራተኛው እርስ በርሱ ይቀራረብ ብሎ ነው። አራት አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ጥያቄ ይነበባል፤ ፊሽካው ሳይነፋ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መስጠት ነው። ሕጉም ቀላል ነበር። ላወቀ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። የተሳሳተ ምንም አይቀነስበትም። ባዶ ወረቀት የሰጠም ምንም አያገኝም።

ሰውየው ከዚህ ሕግ አንድ ነገር ተማረ። መሳሳትና ዝም ማለት ዋጋቸው እኩል ከሆነ፣ ዝም ማለት ሞኝነት ነው። ስለዚህ የሚያውቀውንም ይጽፋል፣ የማያውቀውንም ይጽፋል። እርሳሱ ከእጁ አይለይም። አንድ ዓርብ «ንብ ስንት ዓይን አላት?» ተባለ። ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም፣ «አምስት» ብሎ ጻፈ። አምስት ሆኖ ቁጭ አለ! አዳራሹ አጨበጨበለት፤ እሱም ደረቱን ነፋ። ቢራውን ሳይቀምስ በጭብጨባ ብቻ የሚሰክር ሰው አለ፤ ይህም ከነዚያ አንዱ ነበር።

በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ከቀለም ክፍል የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰው ይቀመጣል። ሌላ ጊዜ «የቀጭኔ አንገት ስንት አጥንት አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰውየው «አሥራ አራት» ብሎ ጻፈ።

«ሰባት ይመስለኛል፤ እንደ ሰው» አለ ዝምተኛው በቀስታ።

«አንገቷን አይተኸው አታውቅም እንዴ?»

ጠረጴዛው ሳቀ፤ ወረቀቱም ሄደ። መልሱ ሰባት ነበር። የጠፋችው አንዲት ነጥብ ስለሆነች ማንም አላዘነባትም። ዝምተኛው ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ትንፍሽ አላለም።

እየዋለ እያደረ ነገሩ ከክበቡ ውጭ ወጣ። ሰው ሰውየውን መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀው ጀመር፤ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሩቅ አገር። እሱም በክበቡ የለመደውን ድምፅ ይዞ ወጣ፤ ቁርጥ ያለ፣ ከነቀኑ ከነሰዓቱ የሚናገር ድምፅ። አንዳንዴ ይገጥምለታል፣ አንዳንዴ አይገጥምለትም። ለምን ይጨነቅ? ቢሳሳት ምን ይቀነስበታል?

በዚያ ጠረጴዛ ከሚቀመጡት አራት ሰዎች አንዷ በፈትል ክፍል የምትሠራ ሴት ነበረች። አባቷ ከሐይቅ ማዶ ይኖራሉ። አንድ ክረምት፣ በዕለተ ዓርብ፣ «አባትሽ ታመዋል፤ ስምሽን እየጠሩ ነውና ድረሽ» የሚል መልእክት መጣላት። በበጋ በመኪና ዞራ ትሄድ ነበር። በክረምት ግን መንገዱ ጭቃ ይሆንና ጀልባ ብቻ ይቀራል፤ ጀልባውም የሚነሣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ወደቡ ደግሞ ከፋብሪካው የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። ጭንቅ ጥብብ ብሏት ወደ ጠረጴዛው መጣችና፣ «ጋሼ፣ የማዶው ጀልባ ምን ቀን ነው የሚነሣው?» አለችው።

«ሐሙስ» አለ ሰውየው። «ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።»

ዝምተኛው ሰው ቀና አለ። ተወልዶ ያደገው በዚያው ሐይቅ ዳር ነው፤ እሱ የሚያውቀው የጀልባ ቀን ረቡዕ ነው። ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ብሎ ሰዓቱን የሚጠራ ሰው ሳያውቅ አይናገርም፣ ቀኑን ለውጠውት ይሆናል ብሎ አሰበ። ደግሞም ቀጭኔዋ ትዝ አለችው። አንገቱን ደፋ።

ሴትየዋ ወደብ ላይ ተቀምጬ ከምጠብቅ ብላ እስከ ማክሰኞ ሠራች። ረቡዕ ተሳፈረች። ሐሙስ ጠዋት ገና በአንድ ሰዓት፣ ለአባቷ የገዛችውን ጋቢ በጉያዋ ይዛ ውሃው ዳር ቆመች። ጀልባ የለም። መረቡን የሚያራግፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘችና ጠየቀችው።

«ውይ እህቴ፣ ጀልባው እኮ ትናንት ሄደ» አላት። «እንግዲህ እስከ ሌላው ረቡዕ የለም።»

እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች። ማዶ ስትደርስ አባቷ ከተቀበሩ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። እስከ መጨረሻው «መጣች ወይ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ጎረቤቶቹ ነገሯት። ጋቢውን ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሰጥታ ተመለሰች።

የፋብሪካው ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ቤቷ ሲሄዱ ሰውየውም አብሮ ሄደ። አፉ ላይ ሰበብ አዘጋጅቶ ነበር፤ የወደቡ ሰዎች ቀኑን ሳይናገሩ ለውጠውት ይሆናል የሚል። ሰበቡም ቁርጥ ያለ መልስ ይመስል ነበር። እሷ ግን ጥቁር ለብሳ ከተቀመጠችበት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ጋሼ፣ ባያውቁት ምን ነበረበት?» አለችው። «አላውቅም ቢሉኝ እኮ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር።»

ከጎኑ የተቀመጠው ዝምተኛ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ረቡዕ እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር» አለ። «አውቅ ነበር እኮ!»

ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሐሙስን ከየት እንዳመጣው ፈለገ። ከማን ሰማው? የት አነበበው? ምንም አላገኘም። ሐሙስ የመጣው ከየትም አይደለም። ጥያቄ መጣ፣ አፉም ዝም ማለትን ረስቶ ነበር፤ ይኸው ነው። ትክክለኛው መልስ ደግሞ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት፣ በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሲያስብ አለቀሰ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እያየውም ማልቀሱን አልተወም።

ከአባቷ አርባ በኋላ ሴትየዋ ወደ ክበቡ ተመለሰች፤ አራቱም እንደ ድሮው ተቀመጡ። የዚያን ዕለት ሁለት ጠረጴዛዎች በነጥብ እኩል ሆነው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ። «ዓሣ ሲተኛ ዓይኑን የማይከድነው ለምንድን ነው?» ተባለ። አዳራሹ ሁሉ ወደ ሰውየው ዞረ። ምላሱ ላይ ሦስት መልስ መጣለት፤ ሦስቱም የሚያምሩ ናቸው፣ አንዱንም ግን አያውቀውም። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አላውቅም» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሳቅ ተነሣ። እሱ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ እርሳሱን በጣቱ ገፋ እያደረገ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ አደረሰው። «አንተ የሐይቅ ልጅ ነህ፤ ታውቀው ይሆን?» ሲል ዝምተኛውን ጠየቀው። ያ ሰው እርሳሱን አንሥቶ «የዓይን ቆብ ስለሌለው» ብሎ ጻፈ። ትክክል ነበር። ሰውየው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሴትየዋም እርሳሱን አየች፣ ሰውየውንም አየች።

ጋሽ ወንድይራድ እዚህ ላይ ወደ መምህርቷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለዚያ ክበብ ጥያቄውን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ያንን ሕግም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስህተት ምንም አይቀንስም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። በኋላ ‹አናውቅም› ብሎ ለጻፈ ግማሽ ነጥብ እሰጥ ጀመር፤ አረጀ፣ ጃጀ ብለው ሳቁብኝ። እንግዲህ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ክፍል ውስጥ እርሳሱ በአንቺ እጅ ነው። ሳታውቂ አፍሽን ሞልተሽ የተናገርሽውን ልጁ ይዞት መንገድ ይሄዳል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውና የሚያውቀው ደግሞ መምህሬ ካለች ብሎ አንገቱን ይደፋል። አላውቅም ብትይው ግን ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ መጽሐፍ ይገልጣል። ጀልባው ሳይሄድ ይደርሳል። ነገ ገብተሽ ያን የጠየቀሽን ተማሪ፣ ‹ያን ቀን የነገርኩህን አላውቀውም ነበር› በዪው።»

መምህርቷ ሻይዋን አሁን አነሣች፤ ቀዝቅዞ ነበር። ጥቂት አሰበችና፣ «ጋሼ፣ ሴትየዋስ?» አለች። «በኋላ ይቅር አለችው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እንደሳቸው ላለ ጥያቄ ሲያዘጋጅ ለኖረ ሰው ደስ የሚያሰኝ መልስ አይጠፋም፤ እሷም የምትጠብቀው እሱን ነበር።

«አላውቅም» አሏት።

እሷ በእሺታ ራሷን ነቅነቅ አደረገች። ዓይን ዓይኗን አዩአት።

«አየሽ» አሉ ፈገግ ብለው፣ «አልናቅሽኝም።»