ዝም ያለች በትር

ስሟን መጥራት በማያስፈልግ አንዲት የድሮ የገበያ ከተማ፣ ከታችኛው መስጂድ አጥር ሥር፣ ሼህ ጦይብ የሚባሉ አዛውንት አርባ ዓመት ቁርኣን አስቀርተዋል። ደመወዝ አልነበራቸውም። ሁለት ጀለቢያ፣ አንድ የፍየል ቆዳ ምንጣፍና አንዲት የወይራ በትር ነበረቻቸው።

በትሯ ሰው መትታ አታውቅም። ደረሳው፣ ተማሪያቸው ማለት ነው፣ ፊታቸው ተቀምጦ ቁርኣኑን በቃሉ ሲቀራ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲሳሳት በትሯ መሬቱን አንድ ጊዜ ትመታለች። ደረሳው ይመለስና ያርማል። ሦስተኛ ጊዜ ከመታች "ሂድና ነገ ና" ይሉታል። ሌላ ቃል አይጨምሩም። በዚህች በትር ፊት ቁርኣኑን ከዳር እስከ ዳር ያወረደ ሰው ኢጃዛ ይሰጠዋል፤ ኢጃዛ ማለት ሼሁ "በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ያስቀራ፣ ያሰግድ" ብለው በፊርማቸው የሚመሰክሩበት ወረቀት ነው። የሼህ ጦይብን ኢጃዛ የያዘ ሰው በየትኛውም መስጂድ ቢያሰግድ ከማን ቀራህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሲራጅ ይህን ወረቀት ያገኘው በሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ካገኘው ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።

አባቱ ሲሞት አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። እናቱ ሰው ቤት እህል ፈጪ ሆና ገባች፤ እሱ ደረሳ ሆነ። ከየበሩ ለምኖ በላ፣ ውሃ ተሸከመ፣ ጭቃ ላይ ተኛ። ያም ሆኖ ቁርኣኑ ይገባለት ነበር። ከሠላሳው ክፍል ዐሥሩን እንደ ስሙ አወቃቸው። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ወባ ጣለው፤ ሲነሳ ቀጣዮቹን ሦስት ክፍሎች ሳይዛቸው አልፎ ወደ ፊት ሄደ። እመለስባቸዋለሁ እያለ ዓመቱ አለቀ።

ለኢጃዛው ሲቀራ እዚያው ቦታ ላይ ደርሶ ጠፋበት። ተንተባተበ፤ የበትሯን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። ላቡ በጀርባው እየወረደ ያለፈውን ገጽ ደገመው። በትሯ ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ደገመው። ሼሁ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ራሳቸውን በዝግታ ይነቀንቃሉ። ያኔ ገባው። የሼሁ ጆሮ ሄዷል፤ እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም። ሲራጅም አልተናገረም። ሦስቱን ክፍል እንዲያ ባለ ማጉረምረም ተሻገረና ወረቀቱን ተቀበለ።

የላይኛው ሰፈር መስጂድ ሰዎች ወዲያው ፈለጉት። በመጪው ረመዳን ሌሊት ሌሊት የሚሰገደውን የተራዊሕን ሶላት እንዲያሰግዳቸው፣ ቁርኣኑንም በወሩ ውስጥ ቀርቶ ጨርሶ እንዲያኸትምላቸው ተስማሙ። ለዚህ ሁለት ክፍል ቤትና የዓመት እህል ይሰጡታል። ሲራጅ ለእናቱ ላከባት፤ ረመዳን ሲገባ ወፍጮውን ትተሽ ነይ፣ ቤት አለን አላት።

ከተማው የሼሁን ነገር የደረሰበት በሰላምታ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ በሽር በጠባቧ መተላለፊያ ከሼሁ ኋላ ሲመጣ ሰላምታ ያቀርባል፤ መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ሰላምታ መመለስ ግዴታ መሆኑን ለከተማው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሐጂ በሽር ሃያ ቀን ተቀይሞ ከረመና አንድ ጠዋት ፊታቸው ቆመ።

"ሼሃችን፣ አስቀይሜዎት ከሆነ ይንገሩኝ። ሃያ ቀን ሙሉ ሰላምታዬን መሬት ጣሉት።"

ሼሁ አፉን አፉን አዩት። "ከየት ሆነህ ነው ያልከኝ?"

"ከኋላዎ።"

"ከኋላዬ የሚመጣ ነገር አልሰማም በሽር። ከፊቴም ጥቂት ነው። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አሉት።

ሐጂ በሽር የዚያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። "ሃያ ቀን ሚስቴ ፊት ሳማቸው ከረምኩ" ይል ነበር፣ ላገኘው ሁሉ። ጠይቆ ጠይቆ፣ በትልቁ ከተማ ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ ማሽን እንዳለ ሰማ። ዋጋው ለአንድ ጆሮ የአንድ በሬ ነው።

"ለአንድ ጆሮ አንድ በሬ?" አለ የቆዳ ነጋዴው፣ መስጂዱ በር ላይ። "በሬው ራሱ ሁለት ጆሮ አለው እኮ፣ ከነሥጋው።"

"እንግዲያው ያንተን በሬ አምጣና ከጆሯቸው ላይ እንሰርላቸው" አለው ሐጂ በሽር። ሰው ሳቀ፤ የቆዳ ነጋዴውም ሳቀና የመጀመሪያውን ሰጠ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሩ ላይ ነጭ ጋቢ ተነጠፈ። ሐጂ በሽር የሰጪውን እጅ ላለማየት ጀርባውን ለጋቢው ሰጥቶ ቆመ፤ ልማዱ ነበር፣ ትንሽ የሰጠ እንዳያፍር ትልቅ የሰጠም እንዳይታይ። ሰው እየመጣ ጭብጡን ጋቢው ላይ ይፈታል። ሲራጅም መጣ። ባዶ ጭብጡን ዘርግቶ፣ ፈትቶ፣ ሄደ።

በሁለት ጁምዓ ለሁለት ጆሮ የሚሆን ሞላ። ሐጂ በሽር ሲራጅን ጠራው።

"ቅዳሜ በአውቶቡስ ይዘሃቸው ትሄዳለህ። የመጨረሻ ልጃቸው አንተ ነህ።"

"ከዒድ በኋላ ቢሆንስ ሐጂ? ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን፣ ተጋምሷል፤ መንገዱም አድካሚ ነው።"

"ምን ማለትህ ነው? ለተራዊሕ እንዲደርስ ብለን አይደል የተሯሯጥነው! አንተ ስታሰግድ ቢሰሙህ ደስ አይልህም?"

"ደስ ይለኛል" አለ ሲራጅ። የዚያን ቀን እግሩ አንድ ቦታ አልቆም አለው፤ ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞረው።

ገንዘቡ ፊታቸው ሲቀመጥ ሼህ ጦይብ እጃቸውን አላነሱበትም። "የሸማኔው የይማም ልጅስ?" አሉ።

ዘምዘም የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ ደካማ ስለሆነ ሰፈሩ እንደ ሞኝ ቆጥሯት ነበር።

"ሼሃችን፣ ሰው የሰጠው ለእርስዎ ነው" አለ ሐጂ በሽር ጮክ ብሎ።

"እንግዲያው የሰጡኝን ጠይቅልኝ። እኔ ለመስማት አንድ ጆሮ ይበቃኛል። እሷ እንኳን ሁለተኛ፣ አንደኛም የላት።"

ተጠየቀ። እምቢ ያለ አልተገኘም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሸማኔው ይማም ከነልጁ ከፊት ተቀመጠ። ሲራጅና ሼሁ ከኋላ ነበሩ። ሲራጅ በመስኮቱ በኩል ሆኖ ተራራው ሲሮጥ ያያል። ከዚህ መንገድ በኋላ እኚህ ሰው ይሰማሉ። ሳያስበው አፉ ተከፈተ። ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ሁሉን ተናገረ፤ ወባውን፣ ሦስቱን ክፍል፣ ሦስት ጊዜ የደገማትን ገጽ፣ ባዶ ጭብጡን፣ እናቱን። የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ለማይሰማ ጆሮ መናገር ቀላል ነው፤ ሲጨርስ ትከሻው ቅልል አለው።

"አሚን" አሉ ሼሁ ከጎኑ።

ሲራጅ ደነገጠ። ዞሮ አያቸው። መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ቅልል ያለው ነገር ተመልሶ ተጫነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ባለሙያዋ ማሽኑን ቀኝ ጆሯቸው ውስጥ አስገብታ "አባቴ፣ ይሰማዎታል?" ብላ ጮኸች።

"ቀስ በይ ልጄ" አሉ። "ይህን ሰሞን ያልጮኸብኝ ሰው የለም።"

ቀጥሎ ዘምዘም ሆነች። ይማም ስሟን ሲጠራት ማን እንደ ገባ ለማየት ወደ በሩ ዞረች። ደግሞ ጠራት። አሁን ወደ አፉ ተመለከተችና ጣቷን ጉሮሮው ላይ አሳረፈች። ሸማኔው ጣቷ እዚያው እንዳለ ስሟን ደጋግሞ ጠራ። ሲራጅ ግን የሚያየው የሼሁን ቀኝ ጆሮ ብቻ ነበር።

ከተማ በተመለሱ ማግስት ሼሁ ትንንሾቹን ደረሶች ሰብስበው አስቀሩ። በትሯ መሬቱን ትመታ ጀመር። አላቆመችም። ልጆቹ ይህን ድምፅ ስለማያውቁት እርስ በርስ ይተያያሉ። ሼሁ እየቆዩ ፊታቸው ከሰል መሰለ። ከአሱር ሶላት በኋላ በቀጥታ ቤታቸው ገቡ።

ጁምዓ ዕለት ሰው ሳይበተን ተነሡ።

"ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአምስት ሰዎች ሰምቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ" አሉ። "አልሰማሁም። የሚያጉረመርም ነገር ይመጣልኛል፤ ቃሉን ልቤ ይሞላዋል። እኔ በልቤ የቀራሁትን እነሱ ቀሩት እያልኩ መሰከርኩ። ጆሮዬ መድከሙን አውቅ ነበር፤ መናገር አፈርኩ። አምስቱም ይመለሱልኝ፣ እንደገና ልስማቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእነሱ ላይ ጣት ሊቀስር የሚፈልግ በእኔ ላይ ይቀስር።"

ሐጂ በሽር እጅጌያቸውን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳቸው። "ሼሃችን፣ ረመዳን ዐሥር ቀን ነው የቀረው። ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? የአርባ ዓመት ስምዎን በአንድ ቀን አፈረሱት እኮ።"

"ለጆሮዬ ማሽን ገዛችሁልኝ በሽር" አሉ። "ለምላሴስ ማን ይግዛልኝ?"

ከአምስቱ አራቱ ሩቅ አገር ነበሩ፤ ደብዳቤ ተላከላቸው። ከተማው ውስጥ ያለው ሲራጅ ብቻ ነው። የላይኛው ሰፈር ሰዎች ተማክረው መጡ። በዐሥር ቀን ሁሉም ስለማይደርስ፣ ሼሁ ከመጀመሪያው ጀምረው የደረሱበትን ይስሙት፤ ያ ትክክል ከሆነ ተራዊሑን እሱ ያሰግዳል አሉ። ሲራጅ በልቡ አሰላው። በቀን አንድ ክፍል ቢቀራ፣ በዐሥር ቀን ዐሥር ክፍል። ዐሥሩን እንደ ስሙ ያውቃቸዋል። አሥራ አንደኛው ረመዳን ውስጥ ይወድቃል። ሼሁ ቢመጡ ለአንድ ሌሊት ነው፤ ሌላው ከኋላው የሚቆመው ሰው ነጋዴና ገበሬ ነው፤ ማን ያርመዋል? ቤቱ አያመልጠውም። እናቱም በረመዳን ዋዜማ እሑድ ትመጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ተቀመጠ። ማሽን በሌለበት በግራቸው በኩል ነበር የተቀመጠው። ሼሁ በትሯን አነሱ። ጀመረ። የመጀመሪያውን ገጽ አወረደ፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። በትሯ ዝም አለች። ይህ ዝምታ የዱሮው አልነበረም። አሁን የምታዳምጥ በትር ነበረች ዝም ያለችው፤ ሲራጅ ዕድሜ ልኩን የተራበው ይህንን እንደነበር ያኔ አወቀ። ደስ ሊለው ሲገባ አራተኛውን ገጽ ሳይጀምር ቆመ።

"ለምን ቆምክ? አልተሳሳትክም" አሉ ሼሁ።

"ስህተቱ ገና ወደ ፊት ነው ሼሃችን።"

ተነሥቶ ዞረና ማሽኑ ባለበት በቀኛቸው ተቀመጠ። ነገራቸው። በአውቶቡሱ እንደተናገረው አልቀለለውም፤ እያንዳንዱ ቃል እንደ ድንጋይ ወጣ።

ሼሁ እስኪጨርስ ጠበቁ። "በመንገድ ላይ ስታወራው የነበረው ይኸው ነው?" አሉት።

"ሰምተውኝ ነበር?"

"ከንፈርህን በመስታወቱ አየሁት። ዱዓ መስሎኝ አሚን አልኩ።"

"እኔኮ እርስዎ እንደማይሰሙ አውቄ ነው ያጉረመረምኩት" አለ ሲራጅ። አንገቱን ደፋ። "እንደማይሰሙኝ አውቄ።"

ሼህ ጦይብ በትሯን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

"እኔ አልሰማሁህም ልጄ" አሉ። "ተሰምተህ ግን ነበር።"

የላይኛው ሰፈር መስጂድ በዚያ ረመዳን አጫጭር የቁርኣን ሱራዎችን ብቻ በሚያውቁ ሽማግሌ መሪነት ሰገደ። ሁለቱ ክፍል ቤት ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሑድ እናቱ ጓዟን በራሷ ተሸክማ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሲራጅ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ነገራት። ጓዟን አላወረደችም።

"እኔ የሰው እህል ሸርክቼ አስረክቤ አላውቅም" አለችው። "አንተም አልመህ ፍጭ። እጠብቃለሁ።" በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ጠበቀች።

ሦስቱን ክፍል በሚቀራበት ጊዜ በትሯ ስንት ጊዜ መሬት እንደመታች የሚያውቅ የለም። ኢጃዛውን ሁለተኛ ጊዜ በተቀበለበት ጁምዓ፣ አንድ እግሩን ላጣ ልብስ ሰፊ፣ ሰው ሠራሽ እግር ማሠሪያ እንዲሆን፣ ያ ነጭ ጋቢ እንደገና ተነጥፎ ነበር። ሐጂ በሽር እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሲራጅ መጥቶ ጭብጡን ፈታ። በዚህኛው ጊዜ ባዶ አልነበረም።

ስለዚህ ነገር ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሼህ ጦይብ ጆሯቸው ሲደክም ያፈሩት ሰው ስለሆኑ ነው። ዛሬም በየሰፈሩ ጆሮው የደከመ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ እግሩ የከዳው እንዲሁ አፍሮ ይቀመጣል፤ እኛም ሰላምታችንን አልመለሰም ብለን እንቀየመዋለን። ሐጂ በሽር ሃያ ቀን ፈጅቶበታል፤ ግን ፊቱ ሄዶ ጠየቀ። ያ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ሼሁ ባልታረመ ሐሰት ላይ ቆመው ይሞቱ ነበር፤ አንድ ወጣትም ባዶ ጭብጡን እንደያዘ ያረጅ ነበር። ከተማዪቱ የከፈለችው የሁለት ጆሮ ዋጋ ነው። ስንት ሰው እንደሰማበት የሚያውቀው ሁሉን ሰሚው ነው።