የቆቅ ማስረጃ

ተረት ተረት፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ!

ቁራ፣ «ቆቅ የገዛ እንቁላሏን ትበላለች» ብሎ ስሟን በአገሩ ሁሉ አጠፋው። ቆቅ ምድር ጠበባት፤ እየበረረች ጠበቃው ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«ጋሽ ኤሊ፣ በስም ማጥፋት ይክሰሱልኝ!»

«እከሰዋለሁ ልጄ» አላት ኤሊ ረጋ ብሎ። «ማስረጃሽ እንቁላሎችሽ ናቸው። ዳኛውን ይዤ ጎጆሽ ድረስ እመጣለሁ፤ አንቺ ብቻ ታቅፈሽ ጠብቂኝ።»

ታቀፈች። ግን ልቧ አላርፍ አላት፤ «መጡ ይሆን?» እያለች መንገድ ድረስ ትሮጣለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ቁራ ከዛፍ ላይ ሆኖ መውጣት መግባቷን ያያል።

በመጨረሻ ስትመለስ ጎጆው ውስጥ ያገኘችው የተሰበረ ቅርፊት ብቻ ነበር። አንድ እንኳ ተርፎ እንደሆነ ብላ ቅርፊቱን በአፏ ስታገላብጥ፣ ከኋላዋ የኤሊ ድምፅ ተሰማ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይኸው ደረስን።»

ቆቅ ዞር ስትል አፏ አስኳል በአስኳል ነበር።